ፈቃድ ላይ ነበርሽ

የካቲት 4

ወንድሜ፣

አዎ፣ ስልኩን ጆሮህ ላይ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ተቋርጦ አይደለም፣ ካርድም አላለቀብኝም። ይቅርታ እልሃለሁ፤ ይቅርታው ግን ለመዝጋቴ ነው እንጂ ለተናገርኩት አይደለም። እማዬ ከጀርባህ ሆና «ስልክ ላይ እንደ ድመት ከምትቧጨሩ ተጻጻፉ፤ ወረቀት ቢያንስ አይጮህም» ስትል ሰምቻታለሁ። እሺ ብያለሁ። የአውቶቡሱ ሾፌር ከእኛ መናኸሪያ ወደ እናንተ ሲመላለስ ደብዳቤያችንን ኪሱ እየከተተ ሊያደርስልን ተስማምቷል። ሰውዬው ደግ ነው፤ ሻይ እንኳ ልጋብዝህ ብለው እምቢ አለኝ።

እማዬ እንዴት ናት? ዳሌዋ ሌሊት ያስተኛታል? እውነቱን ጻፍልኝ። «ደህና ናት» ብለህ ብትልክልኝ ወረቀቱን መልሼ እልክልሃለሁ።

ዳቦ ቤቱ ተዘግቶ ሳለ ለምን እንዳልመጣሁ አንዴ እነግርሃለሁ፤ ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ። የትልቁ ምድጃ ጣሪያ ተደርምሶ ነው የተዘጋው። ጠጋኞቹ መጡ፣ ጡብ ጠፋ። ጡቡ ተገኘ፣ ጠጋኞቹ ጠፉ። እኛ በየማለዳው በር ላይ እንሰበሰባለን። ሥራ አስኪያጁ በሩን ገርበብ አድርጎ ጭንቅላቱን ብቻ ብቅ ያደርግና «ነገ ይከፈታል፤ ማንም እንዳይርቅ፤ የራቀ ሰው ሥራውን በገዛ ፈቃዱ እንደለቀቀ ነው የምቆጥረው» ይለናል። በማግስቱ ስንመጣ፣ ነገ። በማግስቱም ነገ። በመጨረሻ ስሙን አቶ ነገ አልነው። እንግዲህ አንተ ብትሆን አውቶቡስ ትሳፈር ነበር?

ደግሞ አሮጊቷ አለች። አሮጊቷ የምንላት እርሾዋን ነው፤ ስሙን ያወጡላት ከእኔ በፊት የነበሩት አቡኪዎች ናቸው። ከየዕለቱ ሊጥ ላይ ጥቂት ይቀነስና ለማግስቱ ይቀመጣል፤ እንዲህ እየተደረገ ዳቦ ቤቱ ሥራ ከጀመረ አንስቶ ሳትቋረጥ ኖራለች። የዳቦአችን ጣዕም እሷ ናት። ዱቄትና ውሃ ካላገኘች ግን ትሞታለች። ውሃውም መብራቱም ሲቋረጥ አቶ ነገ ራሱ ጠራኝና «ከእርሾው በርሜል ቀንሰሽ ባልዲ ሙሉ ቤትሽ ውሰጂያት፤ እንዳትሞትብኝ አደራ» አለኝ። በርሜሉ ውስጥ የቀረው ሻግቶ ተደፋ። እኔ ከአልጋዬ አጠገብ አስቀምጬ፣ ጠዋትና ማታ እያበላሁ፣ ሲበርድ ብርድ ልብስ እየደረብኩ አቆየኋት። ጎረቤቴ ገብታ አየችና «አራስ ቤት መስሎኝ ነበር፤ ወንድ ነው ሴት?» አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ምድጃው ተከፈተ። ባልዲዬን ተሸክሜ ገባሁ፣ ዳቦውም እንደ ድሮው ወጣ። አሁን ሥራው መስመር ይዟል፤ ስለዚህ ሰኞ የፈቃድ ማመልከቻዬን አስገባለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳልነካ ያጠራቀምኩት ለዚህ ነው። ያ ዳሌ የሚቀይረው ሐኪም በወሩ መጨረሻ ሲመጣ እኔም እዚያ ነኝ። ለእማዬ ንገርልኝ፦ እሷ አልጋው ላይ ትተኛለች፣ እኔ ከአልጋው ሥር። እስክትቆም ድረስ አልነቃነቅም።

እህትህ


የካቲት 8

እታለም፣

አልተቀየምኩም። ዋሸሁ፣ ተቀይሜያለሁ፤ ግን ደብዳቤሽን ለእማዬ ሳነብላት «ከአልጋው ሥር» የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ እንደ ልጅ ስለሳቀች ትቼዋለሁ። ሦስቴ አስደገመችኝ።

እውነቱን ጻፍ ብለሻል። ሌሊት አትተኛም። ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ ለመድረስ ወንበር ለወንበር እየተንጠላጠለች ነው የምትሄደው። ስለዚህ የእንጨት ሥራ ሱቄን ዘግቼ ግድግዳውን ተከትሎ የሚሄድ የእጅ መደገፊያ ሠራሁላት፤ ጥሩ እንጨት ነው፣ አለስልሼዋለሁ። ቆማ አየችውና «ቤቴን በረት አደረግከው» አለች። ከዚያ ግን ያዘችው።

ሆስፒታል ወስጃት ነበር። ነርሷ ከቀዶ ጥገናው በኋላ አገላብጦ የሚያጥባት አስታማሚ ከሌለ እንደማያስተኟት ነገረችን፤ የአጠባው ሥራ የቤተሰብ ነው አለች። «አስታማሚዎ ማን ነው?» ስትላት እማዬ «ልጄ ናት፤ ትመጣለች» አለች። ነርሷ እኔን አየችና «ይሄስ ልጅዎ?» አለቻት። እማዬ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? «እሱ ወንድ ነው። እሱ በር ይሥራ።» ክፍሉ ሙሉ ሳቀብኝ። ጎረቤቶቻችን እናጥብሻለን ሲሏትም «እናንተ የምታጥቡኝ ስሞት ነው፤ ገና አልሞትኩም» ብላ ሁሉንም አስኮረፈቻቸው።

ሐኪሙን ለብቻዬ አናገርኩት። ይህን ዙር ካለፈች ቀጣዩ ከክረምት በኋላ ነው፤ እስከዚያ አጥንቱ ስለሚፈርስ ከተኛችበት አትነሳም አለኝ። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም። አንቺ ግን እወቂው። አንቺ ካልመጣሽ አትገባም፤ ካልገባች ደግሞ አትራመድም። ሌላ ነገር የለውም።

ማመልከቻው ምን ተባለ?

ወንድምሽ


የካቲት 12

እማዬ እና ወንድሜ፣

እኔ በጣም ደህና ነኝ። የፈቃዱ ጉዳይ በሂደት ላይ ነው፤ ቢሮ መቼም ይንዛዛል። እማዬ፣ በረቱን አትስደቢበት፤ እጁን ቆርጦ ነው የሠራልሽ። አይዞሽ፣ እመጣለሁ።

________

ወንድሜ፣ እማዬ የምትሰማው እስከዚህ መስመር ድረስ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ውጭ ወጥተህ አንብበው።

ፈቃድ የለኝም። ተበልቷል። ደሜ ስለፈላ ጽሑፌ ከተንጋደደ ታገሠኝ።

ሰኞ ማመልከቻዬን ይዤ ገባሁ። አቶ ነገ ወረቀቱን እንኳ አልዘረጋውም።

«ጨርሰሻል» አለኝ።

«ምኑን?»

«ፈቃድሽን ነዋ። ማስታወቂያ አታነቢም እንዴ?»

ወጥቼ ሰሌዳው ላይ አነበብኩት። «ድርጅቱ ለምድጃ ጥገና ተዘግቶ በቆየበት ጊዜ ሠራተኞች የዓመት ፈቃዳቸውን እንደተጠቀሙ ይታወቅ» ይላል። ይታወቅ! ለማን ነው የሚታወቀው? እኛ እንደሆን ብርድ ላይ ተገትረን እሱን ስንጠብቅ ነበር። በር ላይ ቆመን ፈቃድ ላይ ነበርን! ቢነግሩን እኮ አንዳንዳችን ተኝተን እናረፍድ ነበር።

ተመልሼ ገባሁ። «ጌታዬ፣ በየቀኑ ኑ ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ? የራቀ ሥራውን ለቋል ያሉን?»

«ምክር ነው የሰጠኋችሁ።»

«ፈቃድ ነው ብለው ቢነግሩኝ እኮ የዚያኑ ቀን እናቴ ዘንድ እሄድ ነበር!»

«መሄድ ትችይ ነበር፤ ማን ያዘሽ? ሥራ አልሠራችሁም፤ ያልሠራ ሰው ደግሞ ፈቃድ ላይ ነው። ድርጅቱ ቁጭ ብሎ አይቀልባችሁም።»

«አሮጊቷንስ ማን አቆያት? ቤቴ ወስጄ ያበላኋት ሥራ አይደለም?»

ፈገግ አለ። እዚህ ላይ ነው ቆሽቴ ያረረው። «እሱ የራስሽ ደግነት ነው። ፈቃድ ላይ ሆነሽ፣ በራስሽ ጊዜ፣ በራስሽ ቤት ያደረግሽው ነው። ድርጅቱ ያመሰግንሻል» አለኝ።

ያመሰግነኛል። አፌን በእጄ ይዤ ወጣሁ። ካልወጣሁ ጠረጴዛውን እገለብጥ ነበር።

ያለ ፈቃድ ልሂድ ብል ያሰናብተኛል። ባለፈው ዓመት አንዷን በአንድ ሳምንት መቅረት እንዴት እንዳባረራት ጽፌልህ ነበር። ጋሼ ምድጃ፣ ያ ከእሳቱ ፊት የማይጠፋው ሽማግሌ፣ እሳቸውም ፈቃዳቸውን ሲያጠራቅሙ የቆዩት እሳት ያደረቀውን ዓይናቸውን ሊታከሙ ነበር። ማስታወቂያውን ሌላ ሰው አነበበላቸው። «እኔ እኮ በዚያ ጊዜ ሁሉ ጡብ ሳቀብል ነበር» ብቻ አሉ፣ ሄደውም ቁጭ አሉ።

ለእማዬ ምንም እንዳትነግራት። አንድ መላ እፈልጋለሁ።

እህትህ


የካቲት 15

እታለም፣

አይ፣ አልደበቅኩላትም። ሞክሬ ነበር። መስመሩ ጋ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍኩ። «ለምን አቆምክ?» አለችኝ። «አለቀ» አልኳት። «ከዚህ ሆኜ እያየሁት ነው፤ ግማሹ ገና ነው።» «ሰላምታ ነው እማዬ።» «ሰላምታ ሰው ፊት እንዲህ አያጠቁርም፤ አንብብ።» ሁሉንም አነበብኩላት። ከአሁን ወዲያ ሚስጥር ከፈለግሽ እኔን አትመኝ፤ ፊቴ አይችልበትም።

እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ትነሳለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በማግስቱ ሻይ ስሰጣት «ለዚያ ሐኪም እንዳይደክም ንገረው፤ ይሄው ደህና ነኝ» አለችኝ። ደህና ነኝ ያለችው የሻይ ብርጭቆ ለመያዝ ሁለት እጅ አስፈልጓት ነው።

አሁን ደግሞ እኔ ልናገር፤ ወረቀት ስለማይጮህ። እኔ ሥራ አስኪያጅሽን አላውቀውም፤ የማውቀው አንቺን ነው። «ነገ» ሲልሽ ለምን አመንሽው? አንዴ ሁለቴ ይሁን። ያ ሁሉ ጊዜ? ጥለሽ ነይ። ሌላ ዳቦ ቤት ይጠፋል? ለባልዲ ሊጥ ብርድ ልብስ ስታለብሺ የከረምሽ ሰው እናትሽ እዚህ በብርድ ስታቃስት አልታየሽም?

ይህን በመጻፌ ምናልባት ነገ ይጸጽተኝ ይሆናል። ሾፌሩ ግን አሁን ነው የሚነሳው።

ወንድምሽ


የካቲት 19

አንተ፣

ስለ ብርድ ልብሱ የጻፍካትን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። መጀመሪያ ቀድጄ ልልክልህ ነበር። ኋላ ተውኩት፤ ትቀመጥ፣ ስንገናኝ ፊት ለፊት ታነባታለህ። ደግሞ ስማ፣ ሥራዬን ለምን እንደማልጥል አንተም ታውቃለህ። ዳሌዋ ተቀይሮ ከወጣች በኋላ መድኃኒቱ የሚገዛው በማን ደመወዝ ነው? በሮችህ እንደሆኑ በዱቤ ነው የሚገጠሙት።

አሁን የሆነውን ስማ።

መጀመሪያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ። አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት በትዕግሥት አዳመጠችኝ። «ፈቃድ ሠራተኛው አስቀድሞ አውቆት የሚወጣው ነው። ድርጅቱ በራሱ ችግር ዘግቶ ሲያበቃ፣ ኋላ ዞሮ ያ ፈቃድ ነበር ማለት አይችልም» አለችኝ። ልስማት ነበር። «ታዲያ መቼ ትጠሩታላችሁ?» ስላት ቀጠሮ ሰጠችኝ፤ ለሚቀጥለው ወር። ሕጉ ከእኔ ጋር ነው፣ ቀኑ ከእሱ ጋር። ቤቴ እስክገባ ድረስ መንገድ ላይ ብቻዬን ስጮህ ነበር፤ ሰው አብዳለች ብሎ ጥግ ይይዝልኝ ነበር።

ባልዲዋን ሳይ ግን ያ ሰውዬ ያለኝ ትዝ አለኝ። «ፈቃድ ላይ ሆነሽ፣ በራስሽ ጊዜ፣ በራስሽ ቤት።» ደህና። በራሴ ጊዜ በራሴ ቤት ያሳደግኳት የማን ናት?

በማግስቱ ሥራ ስንጨርስ ለማግስት የሚቀመጠውን እርሾ ሙሉውን ባልዲዬ ውስጥ ገልብጬ በዋናው በር ወጣሁ። ዘበኛው «ምንድን ነው?» አለኝ፤ «የእኔ ናት» አልኩት፣ አሳለፈኝ። ጠዋት አቶ ነገ ማቡኪያ ክፍል ድረስ መጣ። እሱ እግሩ ዱቄት ረግጦ አያውቅም።

«እርሾው የት አለ?»

«ቤቴ።»

«ሌብነት ነው ይሄ! ፖሊስ ነው የምጠራው!»

«ይጥሩ። በፈቃዴ ጊዜ ያሳደግኳት ናት። እርስዎ ነዎት እንደዚያ ያሉኝ።»

«ቤትሽ ውሰጂያት ብዬ ያዘዝኩሽ እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ።

ሁሉም ሥራውን አቁሞ ነበር። ጋሼ ምድጃ አካፋቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እኔ ቀስ ብዬ ተናገርኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። «ካዘዙኝ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሥራ ላይ ከነበርኩ ፈቃዴ አለ። ፈቃድ ላይ ከነበርኩ ደግሞ አሮጊቷ የእኔ ናት። አንዱን ይምረጡ» አልኩት።

ጋሼ ምድጃም ከኋላ «እኔም ጡብ ያቀበልኩት በደግነቴ ከሆነ ጡቤን ነቅዬ እወስዳለሁ» አሉ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

የሱቅ እርሾ አስገዛ። ዳቦው ወጣ፤ መውጣቱንስ ወጣ፣ ግን እንደ ስፖንጅ ነው፤ ሱቆቹ «ይሄ የእናንተ አይደለም» ብለው ከነሳጥኑ መለሱት። ትናንት ብቻዬን ቢሮው አስጠራኝ። በሩን ዘጋ፤ ወንበር ሰጠኝ፤ በስንት ዘመኔ። «ለአንቺ ብቻ ፈቃድሽን እመልስልሻለሁ። ዛሬውኑ ሂጂ፣ እናትሽን አስታሚ። እርሾውን አምጪ፤ ስለ ሌሎቹ ግን አፍሽን ያዢ» አለኝ።

ወንድሜ፣ እሺ ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የእማዬን እጅ፣ ብርጭቆዋን በሐሳቤ አየሁ። ከዚያ በመስኮቱ ጋሼ ምድጃን አየኋቸው፤ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ ነው። እምቢ አልኩት። «የሁላችንም ካልሆነ የለም» አልኩት።

ሐኪሙ የሚመጣው በወሩ መጨረሻ ነው፤ ጊዜ አለ። ይሄ ሰውዬ ከዚህ በላይ የስፖንጅ ዳቦ መጋገር አይችልም። ለእማዬ እንደምመጣ ንገራት። ስልኬን አጥፍቼዋለሁ፤ በየሰዓቱ እየደወለ አንዴ ይለማመጠኛል፣ አንዴ ያስፈራራኛል። ፊት መስጠት አልፈልግም። ጻፍልኝ።

እህትህ


የካቲት 22

ወንድሜ! እማዬ!

ተቀደደ! ማስታወቂያው ተቀደደ! የቀደደው ራሱ አቶ ነገ ነው፤ ሁላችንም ቆመን እያየን። የሁሉም ሰው ፈቃድ እንዳለ ነው። እኔም አሮጊቷን ይዤ ገባሁ፤ አቡኪዎቹ እንደ ሙሽራ ነው የተቀበሏት። ጋሼ ምድጃ መጀመሪያ የወጣውን ዳቦ ሰጥተውኝ «ለእናትሽ» አሉኝ።

እማዬ፣ አሁን ያንን ሐኪም «ና» በይው። ቦታዬን ለሌላ ሰው አስረክቤ በሚቀጥለው አውቶቡስ እሳፈራለሁ። ከአልጋው ሥር ጠርጉልኝ።

እህትህ


የካቲት 22

እታለም፣

ስንት ጊዜ ደወልኩልሽ። ስልክሽ ዝግ ነው። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ነው ለምን እንደሆነ የገባኝ፤ የደረሰኝ ግን ሆስፒታል በር ላይ ነው።

ሐኪሙ ቀደም ብሎ መጣ። በወሩ መጨረሻ ሌላ ከተማ ስለተመደበ ያሉትን በሽተኞች በሁለት ቀን ጨርሶ ሊሄድ ነው። «ዛሬ ወይም ከክረምት በኋላ» አሉን። እማዬ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አሰበች፤ ከዚያ እኔን «ሂድ፣ አስታማሚ ነኝ ብለህ ፈርም» አለችኝ። ፈረምኩ። ቀዶ ጥገናው ደህና ነው፤ መጀመሪያ ይህን ልጻፍልሽ። ደህና ነው። ሐኪሙ ትራመዳለች ብሏል።

ዛሬ እማዬን አጠብኳት።

ነርሷ ውሃና ሳሙና ሰጥታኝ መጋረጃውን ጋርዳ ሄደች። እማዬ «መብራቱን አጥፋው» አለች። «ቀን ነው እማዬ» አልኳት። «እንግዲያው ዓይንህን ጨፍን።» ጨፈንኩ። በጨርቁ መፈለግ ጀመርኩ። እሷ ትመራኛለች፤ «ወደ ግራ፤ ቀስ፤ እሱ ትከሻዬ ነው፤ ወደ ታች፤ ኧረ እሱ አልጋው ነው አንተ ልጅ!» አለች። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እሷ ሳቋን አላቆመችም መስሎኝ ነበር፤ እያለቀሰች ነበር። ዓይኔን አልገለጥኩም፤ ሰማኋት እንጂ አላየኋትም። እየማልኩልሽ ነው፣ እስክጨርስ አልገለጥኩም።

የካቲት 19 የጻፍሽውን ደብዳቤ ዛሬ ከአጠባው በኋላ አነበብኩላት። ሁሉንም፣ ለአንቺ ብቻ ያለሽንም፣ እምቢ ያልሽውንም። የምትልሽን አንድ ቃል ሳልጨምር እንድጽፍ ነግራኛለች፤ ይሄው፦

«ልጄ፣ ብቻሽን እሺ ብለሽ ብትመጪ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። አልዋሽሽም። ስለዚያ ሽማግሌ ዓይን የማስብበት ሆድ ያን ቀን አልነበረኝም። አሁን ግን ሳስበው እምቢ ማለትሽን እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ፤ ማንን ልቆጣ? ለዚያ ሰውዬ ግን ንገሪልኝ። በዚህ ዕድሜዬ ወንድ ልጄ አጠበኝ በይው። እሱ ያላፈረውን እኔ አፈርኩለት በይው። ደግሞ ቶሎ ነይ፤ ወንድምሽ የሰው ጀርባ የሚያጥበው ጣውላ እንደሚልግ ነው።»

እኔም ስለ ብርድ ልብሱ የጻፍኩትን ቅደጂው። እባክሽ።

አልጋ ስለሚፈልጉ በሦስት በአራት ቀን ወደ ቤት ይመልሱናል።

ወንድምሽ


የካቲት 25

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ ጓዜን ጠቅልዬ መናኸሪያ ስደርስ ነው። ሾፌሩ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ፤ የኔን «ተቀደደ» ያልኩበትን ደግሞ በማግስቱ አድርሶልሃል። ያን ሁሉ ደስታዬን እማዬ በተኛችበት ሲያነቡላት ታየኝና መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

አውቶቡሱን ትቼ ተመለስኩ። አትቆጣ፤ የእማዬን መልእክት ሳላደርስ መሳፈር አልቻልኩም።

ዳቦ ሱቅ ለሱቅ የሚያዞሩት ሰዎች ሲጭኑ አቶ ነገ ግቢው መሐል ቆሞ ነበር። ሲያየኝ «አንቺ፣ ገና አልሄድሽም? እንኳን ደስ ያለሽ፣ ፈቃድ ሰጠንሽ እኮ!» አለኝ።

«አልሰጡኝም። የራሴን ነው የመለሱልኝ» አልኩት። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ እናቴ ያለችውን ነገርኩት፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ እናቱን እንዳጠባት ነገርኩት። እሱ ከንፈሩን መጠጠና «ይቅርታ፣ እኔ እኮ ይህን አላውቅም ነበር» አለ። አለማወቁን አላጣሁትም፤ ስላልጠየቀ ነው ያላወቀው። ይህንንም ነገርኩት። ጋሼ ምድጃ ክንዴን ይዘው እስከ በሩ ሸኙኝ። ለብቻዬ ፈቃድ ሲሰጠኝ እምቢ ማለቴን ሰምተው ስለነበር «በእኔ ዓይን ምክንያት ነው» ብለው ሊያለቅሱ ነበር፤ «አይደለም፣ በእሱ አፍ ምክንያት ነው» አልኳቸው።

ንዴቴ አልበረደልኝም። ይበርዳልም ብዬ አልዋሽህም። ያን ቀን ቢሮው ውስጥ እሺ ብል ኖሮ እዚያ ነበርኩ፤ እምቢ በማለቴም አልጸጸትም፤ ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ሁለቱም ያንገበግቡኛል። አንድ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ በየማለዳው አንዲት ቃል ስለወረወረ፣ የእኔ እናት አንተ ፊት ራቁቷን ሆነች። ፈቃድ ላይ ነበርሽ ይሉኛል። እኔ ፈቃድ ላይ ያለሁት ከዛሬ ጀምሮ ነው።

ስለ ብርድ ልብሱ ያልከውን ቀድጄዋለሁ። አንተ ዓይንህን ሳትገልጥ ከጨረስክ እኔም ያን መስመር አላየሁትም።

የጋሼ ምድጃን ዳቦ ይዣለሁ፤ ትንሽ ደርቋል፣ በሻይ ይበላል። ይህን ደብዳቤ የጨረስኩት አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የሚያደርስልህ ሾፌሩ አይደለም። አሁን በበሩ ሥር እየገባልህ ያለው በእኔ እጅ ነው። አንብበህ ስትጨርስ በሩን ክፈት፣ ውሃ አሙቅ፣ ከዚያ ከክፍሉ ውጣ።

እህትህ